አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው

የአውቶቡስ ጋራዡ አለቃ ስብሰባ ይወድ ነበር። መውደድ ብቻም አይደለም፣ ይኮራበት ነበር። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ሲሆን አሮጌ ጎማ የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ሠራተኛውን ይሰበስባል። ለእሱ አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር አለ፤ ሌላው ሰው ጎማ ላይ ይቀመጣል። ጎማ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ወገቡ ወደ ታች ይሰምጥና ጉልበቱ አገጩ ሥር ይመጣል። እንዲህ ተጣጥፎ አለቃን መከራከር አይመችም፣ የሞከረም አልነበረም።

የስብሰባው መልክ ሁሌም አንድ ነው። አንዱ ይነሳና ችግር ይናገራል። ሌላው ችግሩ እውነት መሆኑን ይመሰክራል። ሦስተኛው ችግሩ ዱሮም እንደነበረ ያስታውሳል። ከዚያ አለቃው ጠረጴዛውን በብዕሩ መታ መታ ያደርግና «እናየዋለን» ይላል። አለቀ፣ ደቀቀ። ማን ያየዋል? መቼ ያየዋል? በየትኛው ዐይኑ ያየዋል? ይህን የሚጠይቅ አልተፈጠረም። ሠራተኛው ከጀርባው «አቶ እናየዋለን» ብሎ ስም አውጥቶለታል፤ እሱ ግን አያውቅም። ቅጽል ስም ሸሚዝ ጀርባ ላይ እንዳለ ቀዳዳ ነው፤ ከባለቤቱ በቀር ሰው ሁሉ ያየዋል።

ክፉ ሰው ነበር እንዳይባል፣ አልነበረም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚያ ግቢ ሠርቷል። ከአጥር ውጭ የሚያልፍ ሞተር ሰምቶ ሕመሙን ይናገራል። ዋናው መሥሪያ ቤት ስለ ስብሰባ አመራር ሦስት ቀን ያሠለጠነው ጊዜማ፣ ተመልሶ የቃለ ጉባኤውን መዝገብ ራሱ በማስመሪያ አሰመረው፦ ችግሩ፣ መፍትሔው፣ የሚያልቅበት ቀን፣ በስተመጨረሻም «ባለቤት» የሚል ዐምድ። ባለቤት የሌለው ሥራ አይኖርም አለ፣ ተጨበጨበለት። ከዚያ ወዲያ ግን እዚያ ዐምድ ውስጥ በብዛት የሚጻፈው «ሁሉም» የሚል ቃል ሆነ። እሱም አልከፋውም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ይላል፣ ባገኘው አጋጣሚ ሁሉ። ሠራተኛውም ይስቅለታል፤ የአለቃ ተረት ሳይሳቅለት አይታለፍ ነገር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ከርሞ፣ አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ የአስራ ሰባት ቁጥር አውቶቡስ የኋላ በር የአንዲት ልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ላይ ተዘጋ።

በሩ የሚሠራው በአየር ግፊት ነው። ፍጥነቱን የምትገታ አውራ ጣት የምታህል ቫልቭ አለችው። እሷ የተበላሸች እንደሆነ በሩ ቀስ ብሎ መዘጋቱን ይተውና ይወረወራል። ሴትየዋ ዘንቢሏን ልታስገባ እጇን ስትዘረጋ አንጓዋ ላይ ያዛት፤ እጇ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ልብስ ሰፊ ናት እንግዲህ፤ ለልብስ ሰፊ ቀኝ እጅ ማለት ኑሮ ማለት ነው።

ሾፌሯን በዚያው ዕለት ከሥራ አገዷት። ቀስ ብላ ስለምትነዳ «ዝግታ» ነው የሚሏት፤ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ መስታወት እንኳ ያልሰበረች ሴት ናት። የመሥሪያ ቤቱ ደንብ ግን ብልሽቱን እያወቀ መኪና ያወጣ ሾፌር ኃላፊው ራሱ ነው ይላል። ማወቋ ደግሞ አያከራክርም፤ በየሳምንቱ በብልሽት ማሳወቂያ ወረቀት ላይ በገዛ እጇ እየጻፈች ስታስገባ ኖራለች። አላወጣም እንዳትል ስምሪቱ መኪናሽን አውጪ ይላታል፤ ላውጣ ስትል ደንቡ ይጠብቃታል። በየት በኩል ትውጣ?

የመሥሪያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ አለቃውን አስጠርቶ አጭር ነገር ነገረው። ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በደብዳቤ አንድ ስም ይፈልጋል፤ ያንን በር የማሠራት ኃላፊነት የነበረበትን ሰው ስም። ስሙ የተጻፈው ሰው ቦታውን ያጣል። «ሁላችንም» የሚል ደብዳቤ ከመጣለት ቀዶ እንደሚጥለውም አልደበቀም።

አለቃው ረቡዕ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ጎማው ሁሉ ሞላ። ጸሐፊዋ እንደ ወትሮዋ መዝገቧን ይዛ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ተናገረ፤ አንዱ ጎማ፣ ሌላው ዘይት፣ ሌላው የመንገዱን ጉድጓድ አነሳ። ስለ በሩ የተናገረ የለም። አለቃው ደሙ ፈላ። እዚህ ቤት ኃላፊነት የሚሰማው ሰው ጠፋ፣ ስብሰባ ተቀምጦ ማዛጋት ብቻ ሆነ፣ ያቺ ሴት እህታችሁ ብትሆንስ ኖሮ ብሎ ወረደባቸው። መቼም ሲቆጣ ያምርበታል። እንደ ልማዱ በሃምሳ ሎሚው ሊደመድም ሲል ግን አንድ ድምፅ አቋረጠው።

ሽማግሌው መካኒክ ናቸው። የአስራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከኪሳቸው ስለማይለይ «ጋሽ አስራ ሦስት» ነው የሚባሉት።

«ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው፣ እውነት ነው» አሉ ቁልፋቸውን እያገላበጡ። «አንድ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ሲሆንስ? ማን ነው የሚይዘው?»

ማንም አልሳቀም። አለቃው ዞሮ፣ ታዲያ ጋሼ እርስዎ ነዎት የበር ሠራተኛው፣ ለምን አልሠሩትም ሲል ጠየቃቸው። በእኔ እጅ አልነበረም አሉ። በማን እጅ ነበር ቢላቸው፣ መዝገቡን ይመልከቱት አሉና ጉልበታቸውን አቅፈው ቀሩ። ሌላውም ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። 

አለቃው መዝገቡን ከጸሐፊዋ ተቀብሎ ቢሮው ገባና በሩን ዘጋ። ወደ ኋላ እየገለጠ አነበበ። ዘጠኝ ሰኞ፣ ዘጠኝ ገጽ። በየገጹ «የ17 ቁጥር የኋላ በር» ይላል፤ ከፊት ለፊቱ «በሂደት ላይ» ይላል። የባለቤቱ ዐምድ ግን ባዶ ነው። የማንም ስም የለ፣ «ሁሉም» እንኳ የለ። ዘጠኝ ጊዜ ባዶ! አለቃው በጸሐፊዋ ተናደደ። አንዲት ዐምድ መሙላት ያቃታት ልጅ እንዴት ቃለ ጉባኤ ትያዝ አለ በልቡ።

ተናደደ እንጂ የጸሐፊዋን ስም መጻፍ እንደማይቻል ያውቃል፤ በር የምትሠራው እሷ አይደለችም። ጋሽ አስራ ሦስትን መጻፍም ከበደው፤ በእጃቸው ነው ሙያውን የተማረው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ሆነና ነገሩ፣ ወረቀት አውጥቶ በደንቡ መሠረት ብልሽቱን እያወቀች መኪና ያወጣችው ሾፌር ኃላፊ ናት ብሎ ረቂቅ ጻፈ። ደንብ ደንብ ነው አለ ለራሱ። ሁለቴ አለው። ልክ የሆነ ነገር ሁለቴ አይባልም፤ ረቂቁን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ራት እያሰናዳች ነበር። እጁን ሊታጠብ ወደ ኩሽና ገባና እግሩ ሳፋ መታ፤ ውኃው ካልሲው ላይ ፈሰሰ። ሳፋው የተቀመጠው ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ነው። ይህ ሳፋ ከመቼ ወዲህ ነው እዚህ የተቀመጠው ብሎ ጠየቀ፣ እንደ መቆጣት ብሎት።

ሚስቱ ቢላዋዋን አላቆመችም። ቀይ ሽንኩርት እየከተፈች ነው የመለሰችለት።

«አንድ ጊዜ ስጠይቅህ አየዋለሁ አልክ። ሁለተኛ ስጠይቅህ አየዋለሁ አልኩ እኮ አልክ። ሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው። ሳፋ ገዛሁ።»

ሳቀ፤ እሷም ፈገግ አለች። ራት ቀርቦ ሁለቴ ከጎረሰ በኋላ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ዐይኑ ሳፋው ላይ ቀረ። ሚስቱ ሠላሳ ደቂቃ ለማይፈጅ ሥራ ስንት ወር ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ ስትደፋ ከርማለች፣ እሱ ደግሞ በገዛ ቤቱ አላየም። 

ሐሙስ ጠዋት ግቢው በር ላይ ሲደርስ ዝግታን አያት። ዘበኛው አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ግቢ እንዳትባል ታግዳለች፣ ቤቷ እንዳትቀመጥ አላስቻላት። ስታየው ብድግ ብላ ጎንበስ አለችለት። ምን ወሰናችሁ ብትለው ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ምንም አልጠየቀችውም። እንደምን አደርሽ ብሎ አለፈ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጸሐፊዋን ጠርቶ ረቂቁን ሰጣት፣ ቶሎ ተይቢልኝ አለ። ልጅቷ ቆማ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ሁለት እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ያዘች።

«ይህን አልተይብም፣ አለቃ» አለች። 

አሁን ነው ነገሩ የመጣው! አለቃው ከትናንት ጀምሮ ያቆየውን ቁጣ አወረደባት። አንቺ ዘጠኝ ሳምንት ዐምዱን ባዶ እየተውሽ፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ እንዳይታወቅ ያደረግሽው አንቺ፣ ጭራሽ ደግሞ አልተይብም አልሽ ወይ አላት። መዝገቡንም ገልጦ ጣቱን ባዶው ላይ ቀሰረ።

«ባዶ አይደለም እኮ» አለች ጸሐፊዋ። «ባዶው እርስዎ ነዎት።»

መጀመሪያ አልገባውም። እሷም አንዴ ከአፏ ወጥቷልና እያለቀሰችም ቢሆን ተናገረችው። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት ጋሽ አስራ ሦስት ቫልቭዋ ጋራዡ ውስጥ እንደሌለች፣ ከዋናው መጋዘን ካልመጣችም ሌላ ብልሃት እንደሚፈልጉላት ተናግረው ነበር። አለቃው ያኔ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ፣ ተዉት፣ ማንም እንዳይነካው፣ እኔ ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ ብሏል። እሷ ደግሞ የአለቃዋን ስም ከጎሚስታውና ከአጣቢው ስም መሀል እንደ ታዛዥ አድርጋ መጻፍ ነውር መሰላት። ስለዚህ እሱ «እኔ አለሁ» ያለውን ሥራ ሁሉ ባዶ ትተወዋለች። ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ባዶ ሲያይ የአለቃ ነው ይልና አይነካውም፣ አይጠይቅም፤ የቤቱ ክብር እንዳይጎድል «በሂደት ላይ» ይልለታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ እሷ ደፍራ ኮሪደር ላይ ጠይቃው ነበር።

«ምን አልኩሽ?» አለ።

«አየዋለሁ አልኩ እኮ፣ አሉኝ።»

አለቃው ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አሁን ትዝ አለው። ሄዷል እኮ፣ አልሄደም አይባልም! ዋናው መጋዘን ድረስ ሄዷል። መጋዘን ጠባቂው ምሳ ላይ ነበር። ቆይቼ እመለሳለሁ ብሎ ተመለሰ፣ በማግሥቱ ሌላ ነገር መጣ፣ በቃ። የአንዲት ሴት እጅ የተሰበረው፣ የሌላዋ ሥራ ገደል አፋፍ ላይ የቆመው፣ መጋዘን ጠባቂው ምሳ ላይ ስለነበር ነው። ሰው ሲያጠፋ ትልቅ ምክንያት ቢኖረው መልካም ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ይህችን የምታህል ናት።

መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገለጠ። የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ባዶ። ጊዜው ያለፈበት እሳት ማጥፊያ፣ ባዶ። የመካኒኮቹ ጓንት፣ ባዶ። ሃያ ሦስት ባዶ ቆጠረ። ትናንት ጎማ ላይ ተጣጥፈው መሬት ሲያዩ የነበሩት ሰዎች ጥፋታቸውን እየደበቁ መስሎት ነበር፤ ለካ የእሱን ነው ሲሸፍኑ የነበሩት። እሱ ደግሞ ዐይኑን በጨው አጥቦ ኃላፊነት ሲያስተምራቸው ነበር። አፈረ። ብቻውን ቢሆን ኖሮ ያለቅስ ነበር።

አራት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ሃያ ደቂቃ ውስጥ ክፉም አሰበ። ጸሐፊዋ ባትተይበው በእጁ ገልብጦ ሊሰጥ ይችላል። ማንም አፉን አይከፍትም፤ በይሉኝታ ዘጠኝ ሳምንት ዝም ያለ ሰው አንድ ቀን መጨመር አያቅተውም። ሃያ ሁለት ዓመቱን አሰበ፣ ወንበሩን አሰበ፣ ለሚስቱ ምን እንደሚላት አሰበ። ከመስኮቱ ማዶ አግዳሚው ይታያል። ዝግታ ቦርሳዋን እንዳቀፈች ነች። ወንድ ልጅ ሆኖ ከዚህች ሴት ፊት ነገ እንዴት ያልፋል? በየት በር ይገባል?

ብዕሩን አነሳ። ረቂቁን ገልብጦ በጀርባው ላይ የራሱን ስም ከነአባቱ ጻፈ። ከሥሩም «ቫልቩን ላመጣ ኃላፊነቱን ወስጄ፣ አላመጣሁም» ብሎ ፈረመ። ጸሐፊዋ ልተይበው ወይ አለችው። ግድ የለም፣ እንዲሁ ይሂድ አላት።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው። ሲጠብቅ የነበረው ስም ይህ አልነበረም። እየቀለድክ ነው ወይ አለው፤ አይደለም አለ። ብዙ ከተነጋገሩ በኋላ ዝግታ በዚያው ዕለት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ እሱ ደግሞ ከአለቃነቱ ወርዶ በመካኒክነት እንዲሠራ ተወሰነ። 

ከሰዓት በኋላ በቀጥታ ዋናው መጋዘን ሄደ። መጋዘን ጠባቂው ምሳ ላይ ነበር። ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀው። ሰውየው አንድ ሰዓት ቆይቶ መጣና ቫልቭዋ እንደሌለች፣ በመጪው ረቡዕ ከሌላ ጋራዥ እንደምትመጣ ነገረው። በጽሑፍ አስፈርሞት ተመለሰ። አስራ ሰባት ቁጥር እስከዚያው ከመንገድ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች።

እሑድ ዕለት ቧንቧውን ሠራው። ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀበት። ሚስቱ የሥራውን ነገር ከሐሙስ ጀምሮ ታውቃለች፤ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ሳፋውን አንስታ ውኃውን ደፋችና ጠርጋ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ጎማው ክፍል ተሰበሰበ። እንዲመሩ የተመረጡት ጋሽ አስራ ሦስት ናቸው። መደገፊያ ያለውን ወንበር አይተው አይተው፣ ወገቤ አይወደውም ብለው ጥግ አስያዙትና ጎማ ላይ ተቀመጡ። የቀድሞው አለቃ ሌላ ጎማ ፈልጎ ተቀመጠ፤ ጉልበቱ አገጩ ሥር መጣ። በሾፌሮች በኩል ዝግታ ተጠርታ መጥታለች። ሾፌር ያንን ክፍል ሲገባ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። የአስራ ሰባት ቁጥር የኋላ በር ላይ ስትደርስ ጉሮሮዋን ጠረገች። ችግሩን አነበበች፣ መፍትሔውን አነበበች። ባለቤት ካለች በኋላ ቆም አለች፤ ከዚያ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ያለ «አለቃ»፣ ጮክ አድርጋ ጠራችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ያ ስም ለሥራ ሲጠራ የሰማ ሰው አልነበረም። እሱም ክው አለ፤ ሌላ ሰው የተጠራ ነበር የመሰለው።

«አቤት» አለ። «አልደረሰም። ቫልቩ ረቡዕ ይመጣል። ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ይሠራል።»

አሁን የሚቀጥለው ነገር መጠየቅ ነው። ጋሽ አስራ ሦስት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት፤ ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተው እንዴት ብለው ይጠይቁት። ጎሚስታው ጫማውን አየ። ያ የድሮው ዝምታ መጥቶ ሊቀመጥ ቦታ እያመቻቸ ነበር። በዚህ መሀል ዝግታ ከጎማዋ ላይ እንደ ምንም ብላ ተነስታ ቆመች። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ ዐይኗን ግን አልሰበረችም።

«ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ መጥቼ እጠይቅዎታለሁ» አለችው።

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ የበሩን ሥራ ከተቀበለ ጀምሮ በሰው ፊት እጠይቅሃለሁ ያለው አንድም ሰው አልነበረም። ሃያ ሦስቱ ባዶ ዐምዶች፣ ሳፋው፣ የልብስ ሰፊዋ እጅ አንድ ላይ ፊቱ ላይ መጡበት። ጉልበቱን ይዞ ቀና አለ።

«ጠይቂኝ» አላት። «ብዘገይም ጠይቂኝ።»

ጸሐፊዋ ቀኑን ጻፈች፤ ጋሽ አስራ ሦስትም ወደሚቀጥለው ነጥብ አለፉ።